የሲቢቪ ካርታው ጥቁር ነው፣ ቁስሉ ግን እየሰፋ ነው፦ ከጨረር ሕክምና በኋላ የፐርፊዩዥን ውጤትን ማመን ይቻላል?

ራድ_ሬዚደንት

ሰላም ለሁላችሁ። ለግሊዮብላስቶማ (አደገኛ የአንጎል ዕጢ) ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ ከዚያም 60 ግሬይ ጨረር በ30 ዙር ከቴሞዞሎማይድ (የካንሰር መድኃኒት) ጋር የወሰደ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ታካሚ ነው። ጨረሩ ካለቀ 5 ወር ሆኖታል። በአዲሱ ኤምአርአይ ላይ በቀዶ ጥገናው ጉድጓድ ጠርዝ ኮንትራስት የሚይዘው ክፍል ሰፍቷል፤ በዙሪያው ያለው የፍሌር (ነጻ ፈሳሽን አጥቁሮ እብጠትን የሚያሳይ ምስል) ንጣትም ጨምሯል። ጥያቄው የታወቀው ነው፦ ዕጢው ተመልሶ ነው ወይስ የጨረር ኔክሮሲስ (በጨረር የሞተ ሕብረ ሕዋስ)?

ማሽኑ 1.5 ቴስላ ነው። ዲኤስሲ ፐርፊዩዥን (ኮንትራስት በደም ስር ሲያልፍ የሚነሣ ኤምአርአይ) ተሠርቶ የወጣው የሲቢቪ (በአንጎሉ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ያለው የደም መጠን) ካርታ ኮንትራስት በያዘው ቦታ ላይ ጥቁር ማለት ይቻላል። ከተቃራኒው ወገን ዋይት ማተር ጋር ሲነጻጸር 0.6 ገደማ ነው። በካርታው ብቻ ከሄድን ኔክሮሲስ ብሎ መጻፍ ነው። ጥሬውን የሲግናል ግራፍ ስከፍት ግን ኮንትራስቱ ሲደርስ ሲግናሉ ትንሽ ወረደና ወዲያው ከቤዝላይኑ (ኮንትራስቱ ከመድረሱ በፊት ከነበረው መነሻ) በላይ ወጥቶ እዚያው ቀረ።

አሠራሩ ይህ ነበር፦ ግራዲየንት ኢኮ ኢፒአይ (ፈጣን የምስል አነሳስ)፣ ቲአር (ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ) 1500፣ ቲኢ (ሲግናሉ እስኪነበብ ያለው ጊዜ) 30 ሚሊሰከንድ፣ ፍሊፕ አንግል (የሬዲዮ ሞገዱ የሚያዘነብልበት ማዕዘን) 90 ዲግሪ፣ ፕሪሎድ (ከዋናው በፊት አስቀድሞ የሚሰጥ ኮንትራስት) የለም፣ ኮንትራስቱ በእጅ የተገፋ። ይህ 0.6 ዋጋ አለው? ድጋሚ ቢሠራስ ምን ምን ይስተካከል? ኮንትራስቱን ታካሚው ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ ስለሚመጣ ሁለት ጠርሙስ ማዘዝ ቀላል አይደለም፤ መልሳችሁ ይህንንም ቢያስብ ደስ ይለኛል።

ኤምአር_ፊዚክስ

ሰላም ዶክተር። ጥሬውን ግራፍ መክፈትዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ስህተት የሚያልፈው እሱ ሳይከፈት በመቅረቱ ነው። ያንን 0.6 አይመኑት።

ምክንያቱ ከስሌቱ ይጀምራል። ሶፍትዌሩ በእያንዳንዱ ቅጽበት ያለውን ሲግናል ለቤዝላይኑ ያካፍላል፣ የውጤቱን ሎጋሪዝም ይወስዳል፣ ምልክቱን ገልብጦ ለቲኢ ያካፍላል። ከዚያ በግራፉ ሥር ያለውን ስፋት ይደምራል፤ ሲቢቪ የሚባለው ይህ ስፋት ነው። ሲግናሉ ከቤዝላይን በታች በሆነ ጊዜ ሁሉ ድምሩ ይጨምራል፣ ከቤዝላይን በላይ በሆነ ጊዜ ሁሉ ይቀንሳል። እርስዎ ያዩት ግራፍ መጀመሪያ ትንሽ ደምሮ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሲቀንስ የቆየ ነው። ስለዚህ ካርታው የጠቆረው ደም ስለሌለ ላይሆን ይችላል፤ ድምሩ ተበልቶ ነው።

ሲግናሉን ወደ ላይ ያወጣው የኮንትራስት ማምለጥ ነው። ዲኤስሲ የኮንትራስቱ ጋዶሊኒየም ከደም ስር አይወጣም በሚል ግምት ላይ የቆመ ዘዴ ነው። የደምና የአንጎል መከላከያው በተጎዳበት ቦታ ግን ጋዶሊኒየሙ ወደ ሕዋሳቱ መካከል ይፈስና ቲ1ን (ሲግናሉ የሚያገግምበትን ጊዜ) ያሳጥራል፤ ሲግናሉም ይጨምራል። ፍሊፕ አንግል 90 ዲግሪ ሲሆን ምስሉ ለቲ1 በጣም ስሱ ነው። በ1.5 ቴስላ ቲኢ 30 ደግሞ አጭር ነው፣ ወደ ታች መሳብ የነበረበትን የቲ2ኮከብ (ሲግናሉን በፍጥነት የሚያጠፋ) ውጤት ያዳክመዋል። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲሆኑ ፕሪሎድ በሌለበት እንዲህ ያለ ግራፍ ይጠበቃል።

አንድ ነገር በደንብ እንዲያዝ እፈልጋለሁ፦ ከቤዝላይን በላይ መውጣቱ በራሱ ዕጢ ነው ማለት አይደለም። ኔክሮሲስም ያፈስሳል፣ ዕጢም ያፈስሳል። ግራፉ የነገረን ቁጥሩ መበላሸቱን ብቻ ነው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። አንዳንዴ ሲግናሉ ወርዶ ወደ ቤዝላይን ሳይመለስ ከታች ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህ ከደም ስር ውጪ የተከማቸው ኮንትራስት የሚያመጣው የቲ2ኮከብ ውጤት ነው፤ በዚህ ጊዜ ሲቢቪ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይወጣል፣ ኔክሮሲሱም ዕጢ መስሎ ይታያል። ሰው ስለ መጀመሪያው ሲጠነቀቅ ይህኛውን ይረሳዋል።

ድጋሚ ከመሥራት በፊት ጥሬው መረጃ ካለ እንደገና ይሰላ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ምስሎች ያስወጡ፣ ሲግናሉ ገና አልተረጋጋም። ቤዝላይኑ የሚያልቅበትን ነጥብ በእጅ ይምረጡ፤ ሶፍትዌሩ ራሱ ሲመርጥ ቦለሱ (በፍጥነት የተገፋው ኮንትራስት) የደረሰበትን ምስል አብሮ የሚያስገባበት ጊዜ አለ። ከዚያ የሊኬጅ (የኮንትራስት ማምለጥ) ማስተካከያውን ያብሩ። በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ ያለው የቦክሰርማን እና ቫይስኮፍ ዘዴ የእያንዳንዱን ቮክሰል (የምስሉ ትንሽ ኩብ) ግራፍ ኮንትራስት ከማይዘው አንጎል አማካይ ግራፍ ጋር አዛምዶ ትርፉን ይቀንሳል፤ ወደ ላይ የወጣውንም ከታች የቀረውንም ያስተካክላል። ሆኖም 90 ዲግሪ ላይ ያለ ፕሪሎድ የተነሳን መረጃ ሙሉ በሙሉ አያድነውም። ማስተካከያው ሲበራ ቁጥሩ ከ0.6 ወደ 2 ከዘለለ፣ ሁለቱንም ትቶ ድጋሚ መሥራት ነው የሚሻለው።

ለድጋሚው በ1.5 ቴስላ፦ ቲኢ ከ40 እስከ 45፣ ቲአር ከ1000 እስከ 1500፣ ፍሊፕ አንግል 60 ዲግሪ ከፕሪሎድ ጋር፣ የስላይስ ውፍረት ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር፣ የስብ ማጥፊያው የበራ። ፕሪሎዱ 0.1 ሚሊሞል በኪሎ፣ ዋናው ቦለስም እንዲሁ 0.1። ለ60 ኪሎ ሰው ይህ እያንዳንዱ 6 ሚሊሞል ነው፤ በአንድ ሚሊሊትር 0.5 ሚሊሞል ከያዘው ኮንትራስት 12 ሚሊሊትር፣ 1 ሚሊሞል ከያዘው 6 ሚሊሊትር ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን መጠን ሳያነቡ በሚሊሊትር ብቻ ማዘዝ በእጥፍ ያሳስታል። ከፕሪሎዱ በኋላ 5 ወይም 6 ደቂቃ ይጠበቃል፤ በዚያ ጊዜ ቲ2 ይነሣ፣ ኮንትራስት ብዙም አይለውጠውም። ፍሌር ግን ከኮንትራስት በፊት ይለቅ።

ቀረጻው ከ120 ነጥብ አይነስ። ቲአር 1250 ቢሆን 150 ሰከንድ መሆኑ ነው። ቦለሱ የሚገፋው ከ30 እስከ 50 ነጥብ ቤዝላይን ከተያዘ በኋላ ነው። ማሽኑ መጮህ እንደጀመረ መግፋት ቤዝላይን ያሳጣል፤ ቤዝላይኑ አጭር ሲሆን ጫጫታው ሁሉ ወደ ሲቢቪው ይገባል።

ስለ መርፌው። ካኑላው 18 ወይም 20 ጌጅ ይሁን፣ ክንድ መታጠፊያው ላይ፣ ቢቻል በቀኝ። ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሚሊሊትር፣ ወዲያው በዚያው ፍጥነት ከ20 እስከ 30 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን። ፓወር ኢንጀክተር ከሌለ ሁለቱን ሲሪንጆች በሶስት አፍ ማገናኛ አስቀድሞ ማያያዝ ያስፈልጋል። ኮንትራስት ገፍቶ፣ ነቅሎ፣ ሳላይን መሰካት ቦለሱን ለሁለት ይከፍለዋል። መልካሙ ዜና ሲቢቪ ስፋት በመሆኑ የፍጥነት መለዋወጥን ከሲቢኤፍ (የደም ፍሰት) እና ከኤምቲቲ (ደሙ የሚያልፍበት አማካይ ጊዜ) ይልቅ ይቋቋማል። ቦለሱ ሲለጠጥ ግን የሲግናሉ መውረድ ጥልቀት ያጣል፣ ሁለተኛው የደም ዙርም ከመጀመሪያው ጋር ይደባለቃል። በእጅ የተገፋ ከሆነ ሲቢኤፍ እና ኤምቲቲን በሪፖርት ላይ ባይጽፉ ይሻላል።

እና ኩላሊቱ። በአጠቃላይ 0.2 ሚሊሞል በኪሎ እየሰጡ ስለሆነ ክሪያቲኒኑ ይታይ፤ ኮንትራስቱም ማክሮሳይክሊክ (ጋዶሊኒየሙን አጥብቆ የሚይዝ) ዓይነት ይሁን።

ኒውሮራድ

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ እኔ የንባቡን ልጨምር።

ከካርታው በፊት የኢፒአዩን የመጀመሪያ ምስል በጥቁርና ነጭ ይዩት። በቀዶ ጥገናው ጉድጓድ ጠርዝ የደም ቅሪት፣ ክሊፕ፣ የአጥንት ማሰሪያ ብረት ወይም አየር ካለ ኢፒአዩ እዚያ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ሲግናል በሌለበት ሲቢቪ አይሰላም፤ ካርታው ላይ ግን «ዝቅተኛ» ከሚለው ጋር አንድ ቀለም ይዞ ይወጣል። በሪፖርቱ መባል ያለበት «ዝቅተኛ ነው» ሳይሆን «በዚህ ቦታ መለካት አልተቻለም» ነው። ኤስደብልዩአይን (የደም ቅሪትን አጉልቶ የሚያሳይ ምስል) ጎን ለጎን መክፈት ይህን ይፈታል። የፊት ሳይነስና የጆሮ አጥንት አጠገብ ያለ ቁስልም ተመሳሳይ ችግር አለበት።

መለኪያው አነስተኛ ክብ ይሁን፣ ከ30 እስከ 60 ካሬ ሚሊሜትር። ሦስት አራት ቦታ አስቀምጠው ከፍተኛውን ይውሰዱ። ቁስሉን በሙሉ ከብቦ አማካይ ማውጣት ዕጢና ኔክሮሲስ በተደባለቁበት ሁኔታ ዕጢውን ይደብቀዋል፤ ከጨረር በኋላ ደግሞ መደባለቅ የተለመደ ነው። ክቡ ኮንትራስት በያዘው ጠንካራ ክፍል ላይ ይሁን፤ የደም ስር፣ ኮሮይድ ፕሌክሰስና ደም ያለበት ቦታ ውስጥ አይግባ። ኢፒአይ ስለሚጣመም ከቲ1 ጋር ሲደራረብ ጥቂት ሚሊሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ በተለይ ኮርቴክስ አጠገብ «ትኩስ ቦታ» ያሉት ነገር ጎረቤት ያለ ቬይን መሆን አለመሆኑን በቲ1 ላይ ያረጋግጡ። ማነጻጸሪያው ከተቃራኒው ወገን፣ ጨረር በብዛት ካላገኘው ዋይት ማተር ይወሰድ።

ስለ ቁጥር ገደብ። 1.75 የሚባለው ቁጥር የመጣው ሕክምና ያልተጀመረለትን ዝቅተኛና ከፍተኛ ደረጃ ግሊዮማ ከመለየት ሥራ ነው። ከጨረር በኋላ ለሚነሣ ጥያቄ ተገንጥሎ መወሰድ የለበትም። ገደቡ በቲኢ፣ በፍሊፕ አንግል፣ በፕሪሎድና በሶፍትዌር ይለወጣል። ታካሚውን ከራሱ ጋር በአንድ ዓይነት አሠራር ማነጻጸር ከማንኛውም ገደብ ይበልጣል፤ በሁለት ወር ልዩነት ከ1.1 ወደ 2.3 የሄደ ቁጥር ብዙ ይናገራል።

ሲቢቪ ብቻውንም አይፈርድም። ኤዲሲው (በዲፍዩዥን ምስል የሚለካው የውሃ እንቅስቃሴ) ቢ 1000 ላይ ከተሠራው ይታይ። ጠንካራው ክፍል ዝቅተኛ ኤዲሲ ካለው ሕዋስ የበዛበት ዕጢ ነው ወደሚለው ያዘነብላል። ነገር ግን በኔክሮሲስ መሃል ያለ ወፍራም ፈሳሽም ዲፍዩዥን ይገድባል፤ ስለዚህ ኮንትራስት የሚይዘው ግድግዳና የማይዘው መሃል ለየብቻ ይለኩ። ቤቫሲዙማብ (የዕጢውን አዲስ ደም ስሮች የሚገታ መድኃኒት) የወሰደ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቀየራል፦ የደምና የአንጎል መከላከያው ይጠገናል፣ ኮንትራስቱም ሲቢቪውም በቀናት ውስጥ ይወርዳል፣ ዕጢው ግን በፍሌር ላይ መስፋፋቱን ሊቀጥል ይችላል።

5 ወር መሆኑም ይታሰብበት። ፕሱዶፕሮግሬሽን (የዕጢ እድገት የሚመስል ግን ያልሆነ ለውጥ) የምንለው በብዛት ከጨረር በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 12 ሳምንታት ነው፤ ይህ ታካሚ ያንን አልፏል፣ የኔክሮሲስ ጊዜ ግን ገና መጀመሩ ነው። የ2023ቱ የራኖ 2.0 (የአንጎል ዕጢ ለሕክምና የሰጠውን ምላሽ መገምገሚያ) መመዘኛ ማነጻጸሪያው ከጨረር በኋላ የተነሣው ኤምአርአይ እንዲሆን ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ምስል ካለ ከሱ ጋር ያነጻጽሩ፣ ከቀዶ ጥገናው ማግስት ከተነሣው ጋር አይደለም። የዴክሳሜታሶን (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) መጠንም በመጠየቂያው ላይ ይጻፍ። መጠኑ ሲቀነስ ኮንትራስት መያዙ ሊጨምር ይችላል፣ እኛም እድገት ብለን እንጽፈዋለን።

በመጨረሻም ባዮፕሲ ከተወሰነ፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ መርፌውን የሚያሳርፍበትን ቦታ ሲቢቪው ከፍ ካለበት ነጥብ ላይ ምልክት አድርገው ይስጡት። ከጠርዙ በዘፈቀደ የተወሰደ ናሙና ኔክሮሲስ ብቻ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ራድ_ሬዚደንት

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኤስደብልዩአዩን አየሁት፣ ኮንትራስት በያዘው ክፍል ላይ ደም የለም፤ ስለዚህ የሲግናል መጥፋት አይደለም። ጥያቄዬ አንድ ጠርሙስ 15 ሚሊሊትር ብቻ ካለን ነው። 12 ሚሊሊትሩን ለሁለት ከፍዬ 6 ለፕሪሎድ፣ 6 ለቦለስ ባደርገውስ?

ኤምአር_ፊዚክስ

እንደሱ አይክፈሉት። ቦለሱ በግማሽ ሲቀንስ የሲግናሉ መውረድም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ 1.5 ቴስላ ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑም ጥልቀት የለውም። ዋይት ማተሩ ላይ ግራፉ ከጫጫታው አይለይም፤ ማካፈያው ዋይት ማተር ስለሆነም ምጥጥኑ በሙሉ ይናጋል።

አንድ ዶዝ ብቻ ካለ ፕሪሎዱን ትተው ፍሊፕ አንግሉን ወደ 30 ዲግሪ ያውርዱ፣ ሙሉውን 12 ሚሊሊትር በቦለስ ይስጡ። አንግሉ ሲያንስ የቲ1 ስሜቱ ስለሚቀንስ ሲግናሉ ከቤዝላይን በላይ የመውጣት ዝንባሌው ይዳከማል። በ2020 የወጣው የባለሙያዎች የጋራ ምክር ከሙሉ ፕሪሎድ ጋር 60 ዲግሪን፣ ያለ ፕሪሎድ ደግሞ 30 ዲግሪን እንደ አማራጭ ያቀረበው ለዚህ ነው። ዋጋው የሲግናል መጠን ነው፦ 30 ዲግሪ ላይ ምስሉ ጫጫታ ይበዛበታል፣ 1.5 ቴስላ ላይ በተለይ። ስላይሱን ወደ 5 ሚሊሜትር ማወፈርና ማትሪክሱን በ96 መተው ያግዛል። የሊኬጅ ማስተካከያው በዚህም ጊዜ ይብራ።

ከጠርሙሱ የቀረው 3 ሚሊሊትርም 0.025 ሚሊሞል በኪሎ ነው። ጥቂትም ቢሆን እሱን በፕሪሎድነት ሰጥቶ 60 ዲግሪ ላይ መሥራት የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አንግሉ 30 ሲሆን የማያሻማ ስለሆነ እሱን እመርጣለሁ።

ማሽኑ ፒካስል (የኤኤስኤል አንዱ ዓይነት) ካለው ኤኤስኤል (የታካሚውን ደም ራሱን ምልክት አድርጎ ፍሰቱን የሚለካ ዘዴ) ይጨመር፣ ኮንትራስት አይፈልግም። ሌብሉ (በደሙ ላይ ምልክት የሚደረግበት ጊዜ) 1800፣ የመጠበቂያው ጊዜ 2000 ሚሊሰከንድ፣ ባክግራውንድ ሳፕረሽን የበራ፣ 3ዲ ንባብ፣ 5 ደቂቃ ገደማ። የሚሰጠው ሲቢኤፍ ነው፣ ሲቢቪ አይደለም፤ የኮንትራስት ማምለጥ ግን አይነካውም። ጥብቅ ሕጉ፦ ከኮንትራስት በፊት ይሠራ። ጋዶሊኒየም የደሙን ቲ1 ስለሚያሳጥር ሌብሉ አንጎል ሳይደርስ ይጠፋል፣ ካርታው ባዶ ይሆናል። 1.5 ቴስላ ላይ ዋይት ማተሩ ደካማ ስለሚሆን ማነጻጸሪያውን ከተቃራኒው ወገን ግሬይ ማተር ላይ ይውሰዱ።

ስፔክትራ

ኤምአር ስፔክትሮስኮፒ (በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችን የሚለካ) ካላችሁ 1.5 ቴስላም ይበቃዋል፤ ሲንግል ቮክሰል ፕረስ (የአነሳሱ ዓይነት)፣ ቲኢ 144፣ ቲአር 1500፣ 128 አቨሬጅ ከ3 ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል። ቮክሰሉ በየጎኑ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር፣ ኮንትራስት በያዘው ጠንካራ ክፍል ላይ። መሃሉን ባዶ ኔክሮሲስ ውስጥ ካስቀመጡት ላክቴትና ስብ ብቻ ይወጣል፣ ይህ ከሁለቱም መልስ ጋር ይስማማል። የራስ ቅሉን ስብ በሳቹሬሽን ባንድ ይዝጉ፤ ቮክሰሉ ከአጥንቱ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ካልራቀ 1.3 (ፒፒኤም፣ በስፔክትሩ ላይ ያለ ቦታ) ላይ የሚመጣው ስብ ከቆዳው ነው። ሺሙ (የመግነጢሳዊ መስኩ ወጥነት) ካልተስተካከለ፣ ማለትም የውሃው መስመር ስፋት ከ10 ኸርዝ ብዙ ካለፈ፣ ኮሊን 3.2 ላይ እና ክሪያቲን 3.0 ላይ ይጋጠማሉ፤ ያኔ የኮሊን ምጥጥን አይጻፍ።

ኮሊን (የሕዋስ ሽፋን ምልክት) ከፍ ብሎ ኤንኤኤ (የጤነኛ ነርቭ ሕዋስ ምልክት) 2.0 ላይ ከወረደ ወደ ዕጢ ያዘነብላል። ሁሉም ወርደው ስብና ላክቴት ብቻ ከቀሩ ወደ ኔክሮሲስ። 144 ላይ ላክቴት በ1.33 ተገልብጦ ወደ ታች ይወጣል፣ ስብ ግን ወደ ላይ ነው፤ መለያው እሱ ነው።

እኛ አገር ሌላም ነገር ከዝርዝሩ መውጣት የለበትም። ቴሞዞሎማይድ ሊምፎሳይት ያወርዳል፣ ዴክሳሜታሶኑም የመከላከል አቅም ይቀንሳል። ከጉድጓዱ ጠርዝ ርቆ አዲስ ቀለበት የሠራ ቁስል ከወጣ ቲቢ፣ ቶክሶ እና መግል ይታሰቡ። ቲዩበርኩሎማ በቲ2 ላይ መሃሉ ጥቁር ሊሆን ይችላል፣ ስፔክትሩ ላይም የስብ ፒኩ ጎልቶ ይወጣል። መግል ዲፍዩዥኑ ላይ መሃሉ በደማቁ ያበራል።

ቱ ኤችጂን (አይዲኤች የሚባለው ጂኑ የተለወጠ ዕጢ የሚያመነጨውን ኬሚካል) ለመለካት በ1.5 ቴስላ አትድከሙ። ለሱ 3 ቴስላ፣ ቲኢ 97 ላይ የተስተካከለ ፕረስ ያስፈልጋል፤ 2.25 ላይ ያለው ፒክ ከግሉታሜት ጋር ስለሚደራረብ ተራ ሶፍትዌር ያሳስታል። የዚህ ታካሚ አይዲኤች ሁኔታም ከቀዶ ጥገናው ናሙና የሚታወቅ ነው።

ራድ_ሬዚደንት

ተባረኩ። በ30 ዲግሪ ድጋሚ እናዘዋለን፣ ኤኤስኤሉና ስፔክትሮስኮፒው ከፊት ይቀድማሉ። የቀረኝ አንድ ነገር፦ ከኮንትራስት በኋላ ያለው 3ዲ ቲ1 መቼ ይነሣ? ፕሪሎድ ሲኖርና ሳይኖር ልዩነት አለው?

ኒውሮራድ

አለው። ቅደም ተከተሉ ቲ1፣ ፍሌር፣ ዲፍዩዥን፣ ኤስደብልዩአይ፣ ኤኤስኤል፣ ስፔክትሮስኮፒ፣ ከዚያ ፐርፊዩዥን፣ ቲ2፣ በመጨረሻ 3ዲ ቲ1 በ1 ሚሊሜትር ይሁን። ቲ2ው በመሃል በመግባቱ ቲ1 ከቦለሱ በኋላ ከ4 እስከ 8 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ በየክትትሉም ይህ ክፍተት አይቀየር። ፕሪሎድና ቦለስ ተደምረው ሁለት ዶዝ በተሰጠበት ቀን ኮንትራስት የሚይዘው ክፍል ደምቆና ሰፍቶ ይታያል። ያንን በአንድ ዶዝ ከተነሣው የበፊቱ ምስል ጋር በሚሊሜትር ማወዳደር እድገት የሌለበትን እድገት ያስመስላል። በእናንተ ሁኔታ አሁንም የበፊቱም አንድ ዶዝ ስለሆነ ልኬቱ ይወዳደራል። ጠቅላላ ዶዙን፣ ፍሊፕ አንግሉን፣ ቲኢውንና ሊኬጅ ማስተካከያው መብራት አለመብራቱን በሪፖርቱ የቴክኒክ መስመር ላይ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ክትትል የሚያነበው ሐኪም ከዚያ ይነሣል።